ኢንተርፌሮን ጋማ ማክሮፌጅን የበለጠ እንዲውጥ ያደርገዋል ወይስ ያሳንሰዋል?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ሴሚናር ታዘጋጃለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ መጽሐፉ ኢንተርፌሮን ጋማ ማክሮፌጅን ያነቃቃል ይላል። አንድ ጥናት መዋጥ ጨመረ ይላል። ሌላው ቀነሰ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ለውጥ አላየሁም ይላል። የቱን ልያዝ? አማካሪዬ ደግሞ ነገሩን ከቁንጭርና ከሥጋ ደዌ ታማሚዎቻችን ጋር አያይዢው ብሎኛል። እንዴት አድርጌ ነው የማያይዘው?»

አብሽሪ እህቴ። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የተጣሉ የሚመስለን ምን እንዳስዋጡት ሳናይ ውጤቱን ብቻ ስለምናነብ ነው። አንዱ ተመራማሪ አንቲቦዲ የተለበጠበት የበግ ቀይ የደም ሕዋስ ሰጥቶታል። ሌላው እርሾ ሰጥቶታል። ሦስተኛው ምንም ያልተቀባ የላቴክስ ዶቃ ሰጥቶታል። ኢንተርፌሮን ጋማ ለሦስቱ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። ባጭሩ መልሴ ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል መሠረቱን ቶሎ ልለፈው። ማክሮፌጅ ተህዋስንና የሞተ ሕዋስን የሚውጥ የመከላከያ ሕዋስ ነው። ሳይቶካይን የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሶች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኢንተርፌሮን ጋማ አንዱ ነው። ፋጎሳይቶሲስ ደግሞ ሕዋስ ከግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ የሚበልጥን ነገር በሽፋኑ ከቦ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ውስጥ መሲና ከተማ፣ የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ ሕዋሶች ተሰብስበው ሲከቡት አየ። በ1908 ከፖል ኧርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ማክሮፌጅ ያገኘውን ሁሉ የሚያግበሰብስ ሆዳም ተደርጎ ሲሳል ኖሯል። እውነቱን ለመናገር መራጭ ነው። ከመዋጡ በፊት ይነካል፤ የሚነካውም በላዩ ላይ በተተከሉ ተቀባዮች ነው።

እነዚህን ተቀባዮች ለይተሽ ካልያዝሽ ቀሪው ሁሉ ይደባለቅብሻል። ኤፍሲ ጋማ ተቀባዮች አንቲቦዲ የተለጠፈበትን ነገር ይይዛሉ። ሲአር3 ኮምፕሊመንት (ደም ውስጥ ያሉ፣ ተህዋስ ላይ የሚለጠፉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) የተለጠፈበትን ይይዛል። የማኖስ ተቀባይ እርሾና ብዙ ተህዋስያን ላይ ያለውን ስኳር ይይዛል፤ ዴክቲን 1 ደግሞ የፈንገስ ግድግዳ ላይ ያለውን ቤታ ግሉካን። መርቲኬ የሚባለው ሞተው መነሳት ያለባቸውን የራሳችንን ሕዋሶች በማንሳት ይታወቃል። ራቁቱን ያለ ዶቃ በስካቬንጀር ተቀባዮችና በመሳሰሉት ይገባል። ሳይቶካይን ሲመጣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ከፍና ዝቅ አያደርግም። አንዱን ያበዛል፣ ሌላውን ይቀንሳል፣ ሦስተኛውን እንዳለ ይተዋል።

አሁን ወደ ኢንተርፌሮን ጋማ። ቲ ሕዋሶችና ኤንኬ ሕዋሶች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ይለቁታል። ማክሮፌጁ ላይ ሲያርፍ ጃክ1 እና ጃክ2 የሚባሉ ኤንዛይሞች ስታት1ን ያስነሳሉ፤ ስታት1 ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ መቶዎች ጂኖችን ይነካካል። ከሚጨምሩት አንዱ ሲዲ64 ነው፤ አንቲቦዲን አጥብቆ የሚይዘው የኤፍሲ ጋማ ተቀባይ ማለት ነው። ስለዚህ አንቲቦዲ የተለበጠውን መዋጥ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። የማኖስ ተቀባይ በአንጻሩ ይወርዳል፤ በሱ በኩል የሚገባው እርሾም አብሮ ይቀንሳል። ሲአር3 ላይ የሚሆነው ደግሞ ይገርማል። ተቀባዩ ከሕዋሱ ላይ አልጠፋም፤ ቁጥሩን ብትለኪ እዚያው ነው። ኮምፕሊመንት የተለጠፈበትን ነገር ይዞ የመዋጥ አቅሙ ግን ይደክማል። ይህ በሰው ሞኖሳይት (ቆይቶ ማክሮፌጅ በሚሆነው የደም ሕዋስ) ላይ በ1980ዎቹ የታየ ነገር ነው። ከዚህ አንድ ነገር ያዢ፦ ፍሎው ሳይቶሜትር (ሕዋሶችን በብርሃን እየለየ የሚቆጥረው መሣሪያ) ተቀባዩን ቆጥሮ «አለ» ስላለሽ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሰኞ ባቲ ገበያ ሄደሽ ከአፋር በኩል የሚመጣውን ግመል ብቻ ብትቆጥሪ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከደጋ የሚወርደውን አህያ ብቻ ቢቆጥር፣ ማታ ገበያው ደራ ወይስ ቀዘቀዘ በሚለው ላይ ትጣላላችሁ። ሁለታችሁም ግን በትክክል ቆጥራችኋል። ሦስቱ ጥናቶችሽም እንደዚያ ናቸው።

ሰውነታችን ይህን ለምን ያደርጋል? ሊሽማኒያም (ቁንጭርን የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ) የቲቢ ባክቴሪያም ወደ ማክሮፌጅ ከሚገቡባቸው ዋና መንገዶች ውስጥ ሲአር3 እና የማኖስ ተቀባይ አሉ። በሲአር3 በኩል መግባት ለተህዋሱ ይመቸዋል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል የገባ ነገር ማክሮፌጁ መርዛማ የኦክስጅን ውሁዶችን እንዲረጭ ብዙም አይገፋፋውም። በኤፍሲ ተቀባይ በኩል የገባ ግን ብዙ ጊዜ ያንን ርጭት ያስነሳል። ስለዚህ ኢንተርፌሮን ጋማ ጸጥተኛውን መግቢያ አጥብቦ ጩኸት ያለበትን የሚያሰፋ ይመስላል። «ይመስላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሊሽማኒያ ላይ ሲመጣ ይህ ነገር የሚገለበጥበት ቦታ አለ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከመግቢያው በላይ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መዋጥ አንድ ሥራ ነው፣ መግደል ሌላ ሥራ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ጽሑፎችም እዚሁ ይሰናከላሉ። ጆርጅ ማካነስ በ1960ዎቹ ሊስቴሪያ በያዛቸው አይጦች ላይ ሲሠራ የነቃ ማክሮፌጅ ያለው የመግደል አቅሙን አይቶ ነው። ካርል ናታንና ባልደረቦቹ በ1983 ያንን የሚያነቃው ነገር ኢንተርፌሮን ጋማ መሆኑን ሲያሳዩም የለኩት ምን ያህል እንደዋጠ አልነበረም። የለኩት ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚረጭና ጥገኛ ተህዋስን እንደሚገድል ነበር። ስለዚህ መጽሐፍሽ «ይነቃል» ሲል «ብዙ ይበላል» ብለሽ አትተርጉሚው። አንዳንዴ የነቃው ማክሮፌጅ ካልነቃው ያነሰ ይበላል። የበላውን ግን ይፈጀዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን የዘር በሽታ አለ፤ ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ ይባላል። እነዚህ ልጆች ሕዋሶቻቸው ባክቴሪያን እንደማንኛውም ሰው ይውጣሉ። የኦክስጅን ርጭቱን የሚሠራው ኖክስ2 የሚባለው ኤንዛይም ስለማይሠራ ግን የዋጡትን መግደል ያቅታቸዋል፤ በየጊዜው በስታፊሎኮከስና በአስፐርጂለስ ይጠቃሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኢንተርፌሮን ጋማን ለዚህ በሽታ የፈቀደው በ1990 ነው። በሌላ በኩል የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። በ1996 ነው የተለዩት። ለማንኛውም ሕፃን የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት በነሱ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድላቸው ይችላል። ማክሮፌጃቸው ባሲሉን፣ ማለትም የክትባቱን ባክቴሪያ፣ ይውጣል፤ ከዋጠ በኋላ አድርግ የሚለው ትእዛዝ ነው የማይደርሰው።

ከተዋጠ በኋላ ያለው ነገር ራሱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። የተዋጠው ነገር ፋጎዞም ውስጥ ይቀመጣል፤ ፋጎዞሙ ከላይሶዞም ጋር ይዋሃዳል፤ አሲድ ይሆናል፤ ይፈጫል። የቲቢ ባክቴሪያ ይህን ውህደት ያግዳል። ኢንተርፌሮን ጋማ እግዱን ለመስበር ይረዳል። ግን ዶቃ ወይም የሞተ ነገር የዋጠ ማክሮፌጅ ላይ ስትለኪ ኢንተርፌሮን ጋማ መፍጨቱን ሲያዘገየው ልታዪ ትችያለሽ። ይህ ብልሽት አይደለም። ቶሎ ዱቄት የሆነ ፕሮቲን ለቲ ሕዋስ የሚታይ ቁራጭ አይተርፈውም፤ ቀስ ብሎ ሲፈጭ ግን የሚታይ ቁራጭ ይተርፋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፦ የአይጥ ማክሮፌጅ ናይትሪክ ኦክሳይድ በብዛት ያመርታል፣ የሰው ማክሮፌጅ ግን ሳህን ላይ ሲሆን ያን ያህል አያመርትም። የሰው ማክሮፌጅ በቫይታሚን ዲ በኩል ካተሊሲዲን የሚባል ገዳይ ፔፕታይድ የሚሠራበት መንገድ አለው። የአይጥ ጥናት ይዘሽ ስለ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታማሚ ስታወሪ ይህን ልዩነት መርሳት የለብሽም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። ኢንተርሉኪን 4 የሚባለው ሳይቶካይን በስታት6 በኩል ይሠራል፤ ሥራውም ከኢንተርፌሮን ጋማ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። የማኖስ ተቀባይን ያበዛል። በ1992 ኦክስፎርድ ውስጥ በአይጥ ማክሮፌጅ ላይ ይህ ሲታይ ነው «ሌላ ዓይነት ንቃት» የሚለው ሐሳብ የተጀመረው። እርሾ ብትሰጪው ደህና አድርጎ ይውጣል። ቆይቶ ሕዋሶቹ እርስ በርስ ይዋሃዱና ብዙ ኒውክሊየስ ያላቸው ግዙፍ ሕዋሶች ይሆናሉ። አይጥ ላይ ደግሞ አርጂኔዝ የሚባለውን ኤንዛይም ከፍ ስለሚያደርግ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራበትን አርጂኒን ይሻማል፤ ከአርጂኔዝ ሥራ የሚገኙት ፖሊአሚኖች ደግሞ ለሊሽማኒያ ምግብ ይሆናሉ። ይበላል፣ ያበላልም።

ኢንተርሉኪን 10 ግን ለሴሚናርሽ ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በስታት3 በኩል ይሠራል። ስሙ የሚነሳው «ብግነት አብራጅ» ተብሎ ነው፤ ስለዚህ ሰው መዋጥንም የሚያቆም ይመስለዋል። አያቆምም። ሲዲ64ን ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር በአንድ ወገን ሆኖ ይጨምረዋል። መርቲኬን ይጨምራል፤ የሞቱ ሕዋሶችን ማንሳት ይፈጥናል። የሚቀንሰው ቲኤንኤፍንና ኢንተርሉኪን 12ን (ሁለቱም ብግነት ቀስቃሽ ሳይቶካይኖች ናቸው)፣ ለቲ ሕዋስ የማሳየት ሥራንና መግደልን ነው። ማለትም ብዙ የሚውጥ፣ ነገር ግን የዋጠውን የማይነካ ማክሮፌጅ ይፈጥራል። ለጥገኛ ተህዋስ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

አማካሪሽ የጠየቀሽ ግንኙነት እዚህ ጋ ነው። ቦሩ ሜዳ ለረጅም ጊዜ የሥጋ ደዌ ሕክምና ቦታ ሆኖ የቆየ ሆስፒታል ነው፤ ከጆሮ ጫፍ የተወሰደ ስሚር በዚል ኒልሰን ቀልመሽ አይተሽ ይሆናል። ሌፕሮማተስ በሚባለው ዓይነት ማክሮፌጁ በባሲል ጢም ብሎ ታዪዋለሽ፤ ባሲሎቹ ግሎቢ የምንለውን ክምችት ሠርተዋል፣ ሕዋሱም በስብ ተሞልቶ አረፋ መስሏል። ቱበርኩሎይድ በሚባለው ደግሞ ባሲል ፈልገሽ ላታገኚ ትችያለሽ። ባክቴሪያው ያው አንድ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቆዳ ናሙና ላይ ሲታይ ቱበርኩሎይዱ ጋ ኢንተርፌሮን ጋማ በረታ፣ ሌፕሮማተሱ ጋ ኢንተርሉኪን 4 እና 10 በረቱ። በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ለኛ ጥያቄ በጣም አቀረበው። የሰው ሞኖሳይት ኢንተርሉኪን 10 ሲሰጠው የመዋጥ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ማይኮባክቴሪያና የተበላሸ ስብ ይውጣል። ኢንተርሉኪን 15 ሲሰጠው ደግሞ በቫይታሚን ዲ በኩል ያለው የመግደል ፕሮግራም ይከፈታል፤ መዋጡ ግን ያንሳል። የመጀመሪያው ሌፕሮማተስ ቁስል ውስጥ ተገኘ፣ ሁለተኛው ቱበርኩሎይድ ውስጥ። መዋጥና መግደል በአንድ ሕዋስ ዓይነት ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ሴሚናርሽን በዚህ ብትጀምሪ የሚተኛ ሰው አይኖርም።

ቁንጭር ላይም ተመሳሳይ ነገር ታያለሽ። በደጋው የሽኮኮ መኖሪያ ገደል አካባቢ የሚገኘው የኛው ዝርያ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ነው፤ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ። አብዛኛው ሰው ላይ አንድ ቦታ ቆስሎ ጊዜ ቢወስድም ይድናል። ጥቂቶች ላይ ግን ቆዳው በሙሉ እብጥ እብጥ እያለ ይሰራጫል። አንቶኒ ብራይሰን በ1969 እና በ1970 ባሳተማቸው ጽሑፎች ይህን የኢትዮጵያን የተሰራጨ ቁንጭር በዝርዝር ገልጾታል። ከተሰራጨው ቁስል ስሚር ወስደሽ በጂምሳ ብትቀልሚ ማክሮፌጆቹ በአማስቲጎት (ሊሽማኒያ ማክሮፌጅ ውስጥ በሚይዘው ቅርጽ) ተጨናንቀው፣ ሊምፎሳይት ግን ጥቂት ሆኖ ታያለሽ፤ የሊሽማኒን የቆዳ ምርመራውም ምንም አያሳይም። ማክሮፌጁ መዋጥ አልተሳነውም። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ውጧል። የጠፋው ከቲ ሕዋስ የሚመጣው ግደል የሚል ትእዛዝ ነው። ካላዛር (የውስጥ አካልን የሚያጠቃው የሊሽማኒያ በሽታ) ላይ ደግሞ በታማሚው ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 10 ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቲጂኤፍ ቤታ ሞኖሳይት ላይ ሲዲ16ን (ሌላ የኤፍሲ ጋማ ተቀባይ) ይጨምራል፣ መግደልን ግን ያዳክማል። ቲኤንኤፍ ግራኑሎማን (ተህዋሱን ከበው የሚይዙትን የመከላከያ ሕዋሶች ክምችት) አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ኢንፍሊክሲማብ የሚባለውን ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒት የወሰዱ የቁርጥማት ታማሚዎች ተኝቶ የነበረ ቲቢ እንደተነሳባቸው በ2001 ተዘግቧል። ይኸው ቲኤንኤፍ የሞቱ ሕዋሶችን ማንሳትን ይቀንሳል፤ ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ ይጨምራል። ጂኤም ሲኤስኤፍ የሚባለው ሳይቶካይን የሳንባ ማክሮፌጅ እንዲበስል ያደርጋል። በ1994 ይህ ሞለኪውል የሌላቸው አይጦች ሲፈጠሩ የደም ሕዋሳቸው ደህና ሆኖ ሳንባቸው በሰርፋክታንት (የሳንባን ውስጥ በሚሸፍነው ቅባታማ ፈሳሽ) ተሞላ፤ ማክሮፌጁ ማጽዳት አቅቶት ማለት ነው። በ1999 ጃፓን ውስጥ ያው ዓይነት የሳንባ ችግር ያለባቸው ሰዎች በራሳቸው ጂኤም ሲኤስኤፍ ላይ አንቲቦዲ እንደሠሩ ታወቀ። አንድ ሳይቶካይን ሲጎድል አንድ አካል ውስጥ መዋጥም መፍጨትም እንደሚቆም ከፈለግሽ ምሳሌሽ ይኸው ነው።

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሳይቶካይን መዋጥን እንደሚቀይር ሁሉ የተዋጠው ነገርም የሚለቀቀውን ሳይቶካይን ይቀይራል። በሥርዓት የሞተ የራስ ሕዋስ የዋጠ ማክሮፌጅ ቲጂኤፍ ቤታና ኢንተርሉኪን 10 ይለቃል፤ ቲኤንኤፍ ይቀንሳል። እመለሳለሁ ያልኩት የሊሽማኒያ ጉዳይም እዚህ ነው። አማስቲጎት አንቲቦዲ ተለጥፎበት በኤፍሲ ተቀባይ በኩል ሲገባ፣ ማክሮፌጁ ይረጫል ብለሽ ስትጠብቂ ኢንተርሉኪን 10 ይለቃል፤ ይህ በ2001 በአይጥ ተሠርቶ ታይቷል። የካላዛር ታማሚ ደም አንቲቦዲ ሞልቶት የማይጠቅመው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ኤፍሲ ሁልጊዜ ጥሩ፣ ሲአር3 ሁልጊዜ መጥፎ የሚል ስላይድ አትሥሪ።

በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳትም አስቢው። ታማሚው ፔኒሲሊን ሲወጋ ስፓይሮኬቶቹ፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጡት ጥምዝ ባክቴሪያዎች፣ ከደሙ ይጠራሉ፤ በዚያው ሰዓት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በዚያ ሰዓት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና 8 ደም ውስጥ ሽቅብ እንደሚወጡ አሳይተዋል። በ1996 የታተመው ደግሞ አስቀድሞ ፀረ ቲኤንኤፍ አንቲቦዲ መስጠት ያንን መንቀጥቀጥ እንደሚቀንስ አሳየ። የኛው አገር ሰዎች፣ የኛው አገር በሽታ፤ እና ስንቱ ተማሪ ነው ይህን ሳያውቅ የሚመረቀው!

አሁን ጥናት ስታነቢ ምን ምን እንደምታዪ ልንገርሽ። መጀመሪያ የአሠራሩን ክፍል ክፈቺ፤ መደምደሚያውን ተይው። የተዋጠው ምንድን ነው? ምን ተለብጧል? ሴረም ተጨምሯል ወይ? ሴረሙ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሞቆ ከሆነ ኮምፕሊመንቱ ሞቷል፣ ሲአር3 ላይ የሚሰጥሽ መልስ ሌላ ነው። ካልሞቀ ደግሞ ራቁቱን ሰጠሁት ያለው ዶቃ ሳያውቀው ኮምፕሊመንት ለብሶ ሊሆን ይችላል። ማክሮፌጁ ከማን ነው? ከሰው ደም የበቀለ፣ ከአይጥ መቅኒ የወጣ፣ ወይስ ቲኤችፒ1 የሚባለው የካንሰር ሕዋስ መስመር? ቲኤችፒ1ን ለማብሰል የሚሰጠው ፒኤምኤ ራሱ ሕዋሱን ይቀሰቅሰዋል፤ ከዚያ በላይ ሳይቶካይን ስትጨምሪ የቱ የቱን እንደሠራ ለመለየት ይቸግራል።

ከዚያ ሰዓቱን እይ። ተቀባይ አዲስ ተሠርቶ ላይ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት ያቆየና ሁለት ቀን ያቆየ አንድ ነገር አይለኩም። ሳይቶካይኑ ከመዋጡ በፊት ተሰጠ ወይስ አብሮ? ይህችን ብዙ ሰው ያልፋታል። ሌላው ትልቁ ወጥመድ ኢንዶቶክሲን ወይም ኤልፒኤስ የሚባለው፣ ማክሮፌጅን የሚቀሰቅስ የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል ነው። ሳይቶካይኑ ወይም ውሃው ትንሽ ኤልፒኤስ ካለበት ያየሽው ውጤት የኤልፒኤስ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጥናት ኢንዶቶክሲን ለክቶ ይጽፋል፣ ወይ ፖሊሚክሲን ቢ ጨምሮ ያረጋግጣል።

ደግሞ የተለጠፈና የተዋጠ ተለይቷል ወይ? በማይክሮስኮፕ ወይም በፍሎው ስታዪ ከላይ የተጣበቀ ዶቃ የተዋጠ ይመስላል። ስለዚህ አንዱን ቡድን 4 ዲግሪ ላይ ማቆየት አለብሽ፤ እዚያ ይጣበቃል እንጂ አይዋጥም። ወይ ሳይቶካላሲን ዲ ጨምሮ አክቲኑን ማገድ። ወይ ትሪፓን ብሉ አፍስሶ የውጪውን ብርሃን ማጥፋት። ይህ ካልተደረገ «መዋጥ ጨመረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር «መጣበቅ ጨመረ» ብቻ ሊሆን ይችላል። አቆጣጠሩም ይለያያል። መቶ ሕዋስ ውስጥ ስንቱ ዋጠ የሚለውና አንዱ ሕዋስ ስንት ዋጠ የሚለው ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሊወርድ ይችላል። በመጨረሻም ተህዋሱ ሕያው ከሆነ ማታ ላይ የቆጠርሽው ቁጥር የመዋጥ፣ የመግደልና የመራባት ድምር ነው። መዋጥን ለመለካት ቶሎ ቁጠሪ፤ መግደልን ለማየት ቆይተሽ እንደገና ቁጠሪ።

ራስሽ መሥራት ካማረሽ በርካሹ ጀምሪ። የገበያ እርሾ በሙቀት ገድለሽ በጂምሳ መቀለም ትችያለሽ፤ ፍሎው ሳይቶሜትር እስኪገኝ ዓመት መጠበቅ የለብሽም። ሞኖሳይቱን አብስለሽ እስክትጨርሺ ግን መብራት የማይጠፋበት ኢንኩቤተር ያስፈልግሻል፤ ይህን አስቀድመሽ ካላረጋገጥሽ አትጀምሪው፣ ብስጭት ነው ትርፉ።

ማክሮፌጅን ገዳይና አብራጅ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ኤም1 እና ኤም2 የሚል ሠንጠረዥ ስላይድሽ ላይ ካለ ብታወጪው ደስ ይለኛል። ለፈተና ይጠቅማል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ያሳስታል። ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 10 ኤም2 ተብለው በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ሲዲ64 ላይ ግን ኢንተርሉኪን 10 ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር ነው የሚሰለፈው። በሱ ፋንታ ሳይቶካይኖቹን በአንድ በኩል፣ ተቀባዮቹን በሌላ በኩል ደርድረሽ፣ ጨምሯል ቀንሷል ብለሽ ሙዪው። ጎኑ ላይ ለመግደል አንድ ዓምድ ጨምሪ። ሦስቱ ጥናቶችሽ እዚያው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

አንዱ መምህር «ታዲያ ለቁንጭር ታማሚ ኢንተርፌሮን ጋማ ብንሰጠውስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ካላዛር ላይ ከአንቲሞኒ ጋር ተደርቦ ብራዚል ውስጥ ተሞክሯል፤ ውጤቱ በ1990 ታትሟል፣ መድኃኒት አልበግር ያላቸው ታማሚዎች ላይ ተስፋም ታይቶበታል። ውድ ነው፤ ትኩሳትና ቁርጥማት ያመጣል፤ የዕለት ተዕለት ሕክምና አልሆነም። የኛ ሐኪሞች የሚያዙት የአንቲሞኒ መድኃኒት፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ግን በተዘዋዋሪ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተሳሰረ ነው። አይጥ ላይ ቲ ሕዋስና ኢንተርፌሮን ጋማ ሲጎድል አንቲሞኒው ጥሩ አይሠራም። ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው የካላዛር ታማሚዎች ላይም በአንቲሞኒ የሚገኘው ውጤት ደካማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎች ላይፖዞማል አምፎተሪሲን ቢን ከሚልተፎሲን ጋር አድርጉ ያለው ለእነዚሁ ነው። መምህሩ ከጠየቀሽ ይህንኑ ንገሪው፤ ቁንጭር ላይ ግን ከካላዛር የተገኘውን ውጤት እንዳለ አትገልብጪለት፣ ዝርያውም የሚኖርበት የሰውነት ክፍልም የተለየ ነው።